ጆሮን ማን ያጽዳው?

በሐዋሳ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ካሉት ትናንሽ ሱቆች በአንዱ ደጃፍ ሁለት ሰዎች ይነጋገራሉ። አንደኛው ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ጥፍር መቁረጫና የጆሮ ጥጥ የሚሸጡ አዛውንት ናቸው፤ ሌላዋ ነርስ ናት። የሚከራከሩበት ጉዳይ በየቤቱ ያለ ነው፦ የጆሮ ኩክ እንዴት ይውጣ? የዚህ ጽሑፍ አቋም ከነርሷ ጋር ነው። የአዛውንቱ ጥያቄ ግን የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ አንዱም ሳይመለስ እንዲያልፍ አልተፈለገም።

ባለሱቁ፦ ሲስተር፣ የጆሮ ጥጥ አይሽጡ ማለትሽ አልገባኝም። ሲጋራ አይደል፣ ጫት አይደል፤ የምሸጠው የንጽሕና ዕቃ ነው። ሹፌሩ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል አቧራና ነፋስ ሲመታው መጥቶ እዚህ ይወርዳል። ረዳቱ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተንጠልጥሎ “ሻሸመኔ! ዲላ! ሶዶ!” ሲል ይውላል። ማታ ጆሮውን በጥጥ ቢጠርግ ምን ክፋት አለው? ፊቱን ይታጠብ የለ?

ሲስተር፦ ፊቱን ይታጠብ፤ ጆሮውንም ከውጭ ከውጭ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረግ። እኔ የምከራከረው ከቀዳዳው ወዲያ ስላለው ነው። ጋሼ፣ ኩክ ከውጭ የገባ እድፍ አይደለም፤ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ነገር ነው። የአዋቂ ሰው የጆሮ ቱቦ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። ከዚህ ውስጥ ጸጉርና ዕጢ ያለው ወደ ውጭ ያለው አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው። ኩክ የሚሠራው እዚያ በሩ አጠገብ ነው እንጂ ታምቡሩ ሥር አይደለም። የዕጢዎቹ ቅባትና ከቆዳው የሚረግፈው ቅርፊት ይቀላቀሉና ያ የምናውቀው ቡናማ ነገር ይሆናሉ። ቅባቱ ውኃ ወደ ቆዳው እንዳይዘልቅ ይከለክላል፤ አሲድነቱ ባክቴሪያና ፈንገስ እንደልብ እንዳይራቡ ያደርጋል፤ ማጣበቁ ደግሞ አቧራና ትንንሽ ነፍሳትን ደጃፍ ላይ ይዞ ያስቀራል። እርስዎ የጠቀሱት ረዳት በቀን ያን ሁሉ አቧራ ሲቀበል ታምቡሩ ንጹሕ ሆኖ የሚያድረው ኩክ ስላለው ነው። በየማታው ጠርጎ ካወጣው ለነገው አቧራ ባዶ ቆዳ ይዞ ይወጣል ማለት ነው።

ባለሱቁ፦ እሺ፣ ጠቃሚ ነው ልበልልሽ። ጠቃሚም ቢሆን በየቀኑ ከተሠራ እየተጠራቀመ ይሄዳላ! ካልጠረግነው የት ይደርሳል?

ሲስተር፦ በራሱ ይወጣል። ይህ ግምት አይደለም፤ በዓይን የታየ ነው። ተመራማሪዎች የሰው ታምቡር ላይ ትንንሽ የቀለም ነጥቦች አድርገው በየጊዜው ሲያዩ፣ ነጥቦቹ ከታምቡሩ መሐል ተነሥተው ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ ቱቦው፣ ከቱቦውም ወደ ውጭ ሲጓዙ አገኟቸው። የሌላ አካላችን ቆዳ ከታች ወደ ላይ አድጎ እዚያው ይረግፋል፤ የጆሮ ውስጥ ቆዳ ግን ወደ ጎን ይሄዳል። ሲሄድ ኩኩን ተሸክሞ ይወጣል። ስናኝክና ስናወራ ደግሞ የመንጋጋው መገጣጠሚያ ቱቦውን ስለሚነካካው ጉዞውን ያግዘዋል። ስለዚህ ከሰው ሁሉ የሚበዛው በዕድሜው አንድም ቀን ኩክ ማውጣት አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የአሜሪካ የጆሮ ሐኪሞች መመሪያ ከመጠን ያለፈ ወይም የደደረ ኩክ የሚገኘው ከ10 ሕፃናት በአንዱ፣ ከ20 አዋቂዎች በአንዱ፣ በሸመገሉት ላይ ደግሞ ከሲሶ በሚበልጡት ነው ይላል። አዛውንቶች ላይ የሚበዛው ኩኩ ከዕድሜ ጋር እየደረቀ ስለሚሄድ ነው። ቱቦው የጠበበ፣ ጸጉር የበዛበት፣ የመስሚያ መሣሪያ ወይም ኢርፎን ከጆሮው የማይለየውም ሰው ይቸገራል። ከእነዚህ ጋር እኩል የሚቆጠረው ደግሞ ጆሮውን በጥጥ የሚጠርገው ነው።

ባለሱቁ፦ እዚህ ላይ አቁሚ። ጥጡ ቢጫ ሆኖ ሲወጣ እኮ ሰው በዓይኑ ያየዋል። ወጥቷል ማለት ነው። በዓይኔ ያየሁትን ልካድ?

ሲስተር፦ አይካዱ፤ የወጣውስ ወጥቷል። ግን ያ ከደጃፉ ላይ የነበረው፣ ሁለት ሦስት ቀን ቢታገሡት ራሱ የሚረግፈው ነው። ከእሱ ወዲያ ያለው በጥጡ ራስ ተገፍቶ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጆንያ ሲሞላ በእጅ እየተጠቀጠቀ ቦታ እንደሚሰጠው እህል፣ በየማታው ትንሽ ትንሽ እየተጠቀጠቀ ይደድራል። ኩክ የማይሠራበት፣ ጸጉርም ዕጢም የሌለበት የውስጠኛው ክፍል ድረስ ከተገፋ በኋላ ደግሞ ተመልሶ መውጣት ይቸግረዋል። አሁን አንዷን ጥጥ ያውጧት እስቲ። ርዝመቷ ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ቱቦው ሁለት ተኩል። መሐሉ ላይ ይዞ የሚጠርግ ሰው እጁ ትንሽ ቢሸሽ፣ ከኋላ ሰው ቢነካው፣ መኪናው ቢነጥር የጥጧ ጫፍ ታምቡሩ ዘንድ ለመድረስ የሚያግዳት የለም። የታምቡሩ ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው። ከበስተኋላው እርስ በርሳቸው የተያያዙ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች አሉ። እነሱ ከቦታቸው ከተነቃነቁ መስማት ብቻ ሳይሆን ሚዛንም ሊሄድ ይችላል፤ ሰውየው ቆሞ መራመድ እስኪያቅተው ሊያዞረው ይችላል።

ባለሱቁ፦ ይህ ከስንት አንድ ሰው ላይ የሚደርስ ነው?

ሲስተር፦ በእኛ አገር የተቆጠረ ቁጥር ይዤ ልከራከርዎ አልችልም፤ የተቆጠረበትን አገር ልንገርዎ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት በጆሮ ጥጥ ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል የታከሙ ልጆች ወደ 263,000 ይደርሳሉ፤ በቀን 34 ገደማ ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ወደ ሦስት አራተኛው የተጎዱት ጆሮ ሲጸዳ ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ዕድሜያቸው ከስምንት ዓመት በታች ነበር። ልብ ይበሉልኝ፣ ይህ ጥፋት የደረሰው በክብሪት እንጨት፣ በመርፌ ቁልፍ ወይም በስክሪብቶ ክዳን አይደለም። ፋብሪካ በሠራው፣ ለስላሳ ተብሎ በሚታመነው ጥጥ ነው። ጥጧን እ.ኤ.አ. በ1923 በአሜሪካ የፈጠራት ሊዮ ጌርስተንዛንግ የሚባል ሰው ነው ይባላል። ዛሬ ብዙዎቹ አምራቾች ራሳቸው ካርቶኑ ላይ “ወደ ጆሮ ቱቦ አታስገቡ” ብለው ይጽፋሉ። የእርስዎንም ካርቶን ገልብጠው ይዩት።

ባለሱቁ፦ ጽሑፍስ ከታች አለ፤ ደቃቃ ነው፣ ያውም የውጭ ቋንቋ። ከፊት ለፊቱ ግን የጆሮ ሥዕል አለበት። ደንበኛዬ የሚያየው ሥዕሉን ነው። ይህስ የእኔ ጥፋት ነው?

ሲስተር፦ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ግን ከሻጭና ከገዢ መካከል ያንን ደቃቃ ጽሑፍ በአማርኛም በሲዳምኛም ሊነግረው የሚችል ከእርስዎ ሌላ ማን አለ? ለኩል መጥረጊያ፣ ለቁስል ቅባት መቀቢያ፣ ለዕቃ ስንጥቅ ማጽጃ ይሽጡት፤ እኔም ከእርስዎ እገዛለሁ። ለጆሮ ብሎ ለመጣ ግን አንድ ቃል እንዲጨምሩለት ነው የምለምንዎ።

ባለሱቁ፦ የሚያሳክከውስ? ካልጎረጎረው እንቅልፍ የማይወስደው ሰው አለ።

ሲስተር፦ ብዙ ጊዜ ማሳከኩን ያመጣው መጎርጎሩ ነው። ቅባቱ ተጠርጎ ሲያልቅ ቆዳው ይደርቃል፣ የደረቀ ቆዳ ያሳክካል፣ ያሳከከውን ሰውየው ይጎረጉራል፣ በጎረጎረ ቁጥር ይላጣል። በተላጠው በኩል ባክቴሪያ ይገባና ጆሮው ያብጣል። ሐይቅ ገብቶ የሚዋኝ ልጅ ደግሞ በዚያ ላይ ውኃ ይጨምርበታል፤ ያለው ኩክ ውኃውን ጠጥቶ ያብጥና ከሐይቁ ሲወጣ ጆሮው ድፍን ይላል። ያን ጊዜ በእጁ ያገኘውን ነገር ይከትበታል። ለሁለት ሳምንት ያህል ምንም ነገር ሳያስገባ የታገሠ ሰው ማሳከኩ ካልተወው ግን መታየት አለበት፤ የቆዳ በሽታ ወይም ፈንገስ ሊሆን ይችላል።

ባለሱቁ፦ እንግዲህ ዋናውን ልጠይቅሽ። አያቶቻችን ኩክ ማውጫቸውን ከመስቀላቸው ጋር በማተባቸው አንገታቸው ላይ አስረው ነው የኖሩት። ማርያ ቴሬዛ ብር ቀልጦ፣ አንጥረኛው ተጠብቦበት፣ ጫፉ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ብሎ የተሠራ። ዛሬ የውጭ ሙዚየሞች ሰብስበው በመስታወት ያስቀመጡት ያን ነው። ጥፍር መቁረጫው ላይ ያለችው ትንሿ ማንኪያም ያው ናት። ይህን ያህል ዘመን ሰው በድንቁርና ጆሮውን ሲያደነቁር ኖረ ልትዪኝ ነው?

ሲስተር፦ እንዲህ አልልም። ያ ኩክ ማውጫ የእጅ ጥበባችን ኩራት ነው፤ ንጽሕናን ምን ያህል እንደምናከብርም ይመሰክራል፤ ጌጥ ሆኖ ደረት ላይ የተንጠለጠለው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ዕድሜው ጉዳት ላለማድረሱ ማስረጃ አይሆንም፤ ምክንያቱም የተጎዳው ሰው ድምፅ በታሪክ ውስጥ የለም። ታምቡሩ የተበሳበት ሰው ዘመዶቹ “ጆሮው መግል ይዟል” አሉ፤ በስተርጅና የደነቆረው “ዕድሜ ነው” ተባለ፤ ከብሩ ማንኪያ ጋር ያያያዘው አልነበረም። ደግሞም ጠንቃቃዋ እናት ማንኪያዋን የምታስነካው ከደጃፉ ላይ ያለውን ብቻ ነበር ብንል እንኳ፣ ያ ከደጃፉ ያለው ራሱ የሚወጣው ስለሆነ ማንኪያው ሥራ ሠራ የሚያሰኝ አይደለም። ወደ ውስጥ ከዘለቀ ደግሞ የሚያገኘው አጥንት ላይ በስሱ የተለጠፈ ቆዳ ነው፤ ጥቂት ቢነካ ይደማል። ስለዚህ የአያቶቻችን ኩክ ማውጫ አንገት ላይ ይኑር፣ ለልጅ ልጅም ይውረስ፤ ቀዳዳው ውስጥ ግን አይግባ።

ባለሱቁ፦ ሐኪሙስ? እሱም ብረት ያስገባ የለም እንዴ! ለእሱ የተፈቀደ ለእኛ ለምን ይከለከላል?

ሲስተር፦ ለሐኪሙ የተፈቀደለት ስለሚያይ ነው። የክርክሬ ሥሩ ይህ ነው፦ ጆሮ ውስጥ ሳያዩ ምንም ነገር ማድረግ አይገባም። ሰው የራሱን ጆሮ ውስጥ ማየት አይችልም፤ ጎረቤቱም በፀሐይ ብርሃን ቢያጮልቅ ደጃፉን ብቻ ነው የሚያየው፣ ቱቦው ጠመዝማዛ ነውና። ባለሙያ ግን የአዋቂን ጆሮ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ቱቦውን ያቀናል፣ በኦቶስኮፕ ብርሃን አብርቶ ያያል። አንደኛ፣ በእርግጥ ኩክ ነው? ሁለተኛ፣ ታምቡሩ ደህና ነው? ሦስተኛ፣ መግል ወይም እብጠት አለ? እነዚህ ሦስቱ ከታወቁ በኋላ ነው በቀጭን መሣሪያ የሚያነሣው፣ ወይም በመሳቢያ መሣሪያ የሚስበው። በጭፍን የሚጎረጉር እጅና እያየ የሚሠራ እጅ አንድ ዓይነት ብረት ቢይዙ እንኳ ሥራቸው አንድ አይደለም።

ባለሱቁ፦ ሁሉም ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይሰለፍ? ረዳቱ አንድ ቀን ቢቀር የዕለት ገቢው ቀረ። ቤቱ ሆኖ ሊያደርገው የሚችል ነገር ከሌለ ምክርሽ ለሀብታም ብቻ ነው።

ሲስተር፦ ተገቢ ጥያቄ ነው። ጆሮው ካልደፈነው፣ ካላመመው፣ ጭው ካላለበት ምንም ማድረግ የለበትም፤ ይህ ከሁሉ ርካሹ ሕክምና ነው። ከደፈነው ግን ቤቱ ሆኖ ማለስለስ ይችላል። የወይራ ዘይት ወይም ፋርማሲ ውስጥ የሚገኝ ንጹሕ የጨው ውኃ፣ ኖርማል ሳላይን የሚሉት፣ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኮክሬን የሚባለው ድርጅት ተመራማሪዎች በጠብታዎች ላይ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስበው ሲመዝኑ፣ አንዱ ጠብታ ከሌላው ይበልጣል፣ ወይም ከተራ ውኃና ከጨው ውኃ ይሻላል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ስለዚህ ውድ ጠብታ ፍለጋ ገንዘብ አያባክን። ብልቃጡን እጁ ውስጥ ይዞ በእጁ ሙቀት ለብ ያድርገው፤ እሳት ላይ አይጣደው። የደፈነውን ጆሮ ወደ ላይ አድርጎ በጎኑ ይተኛ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ያንጠባጥብ፣ አምስት ዐሥር ደቂቃ ሳይነሣ ይቆይ። ሲነሣ የፈሰሰውን ከውጭ በሶፍት ይጥረግ። በቀን ሁለት ሦስቴ እያደረገ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቀጥል። መጀመሪያ ላይ ኩኩ ስለሚያብጥ መስማቱ ቢብስበት አይደንግጥ። የለሰለሰው ኩክ በሚቀጥሉት ቀናት ቀስ እያለ ይወጣል።

ይህ ግን ለሁሉም አይደለም። ጆሮው መግል የሚያወጣ ወይም ከዚህ በፊት አውጥቶ የሚያውቅ፣ ታምቡሩ ተበስቷል የተባለ፣ ጆሮው ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ የሚያመው ወይም የሚደማው ሰው ምንም ነገር አያንጠባጥብ። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ወይም ስኳር ያለበት ሰውም ሳይታይ አይጀምር፤ ስኳር ያለበት ሰው ጆሮ ውስጥ ትንሽ ጭረት ወደ አጥንት የሚዘልቅ ከባድ ቁስል ሊሆንበት ይችላል። ነጭ ሽንኩርት ጨምቆ ማንጠባጠብ ቆዳውን ያቃጥላል፤ የፈላ ዘይትም እንዲሁ። የጆሮ ሻማ የሚሉትንም ትተውት ይለፉ፦ ኩክ እንደማይስብ፣ ይልቁንም የራሱን ሰም ጆሮ ውስጥ እንደሚያንጠባጥብ በሙከራ ታይቷል።

ባለሱቁ፦ ሳምንት ቆይቶ ካልወጣስ? ዘንድሮ ሲሪንጅ ርካሽ ነው፤ ውኃ ሞልቶ ራሱ ቢያጥበው?

ሲስተር፦ ያን ጊዜ ነው ጤና ጣቢያ የሚሄደው፤ አለስልሶ ስለሄደም ሥራው ያጥራል። ማጠብ ቀላል የሚመስል ግን ልክ ያለው ሥራ ነው። ውኃው የሰውነት ሙቀት፣ 37 ዲግሪ ያህል መሆን አለበት። ከዚያ ከቀዘቀዘ ወይም ከሞቀ የሚዛን አካሉን ይነካና ሰውየውን ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል። ውኃው የሚመራው ወደ ቱቦው የላይኛውና የኋላ ግድግዳ ነው፤ በቀጥታ ታምቡሩ ላይ አይደለም። ግፊቱ ከበዛ ታምቡሩን ሊቀደው ስለሚችል የእንግሊዝ የጤና መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በእጅ የሚገፋውን የቆየ ሲሪንጅ ለአዋቂ አትጠቀሙ፣ ግፊቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ ተጠቀሙ ይላል። እኛ ዘንድ ያ መሣሪያ በየቦታው የለም፤ ስለዚህ በእጅ የሚያጥበው ባለሙያ ይበልጥ መጠንቀቅ፣ ታካሚው “አመመኝ” ወይም “አዞረኝ” ካለው ወዲያው ማቆም አለበት። እኔ ከሁሉ በላይ የምመኘው ግን ያንን መሣሪያ አይደለም። እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ባትሪው የማይሞት፣ አምፖሉ የሚበራ አንድ ኦቶስኮፕ እና እሱን መጠቀም የሠለጠነ አንድ ነርስ እንዲኖረው ነው። ይህ ለአንድ ከተማ ከባድ ወጪ አይደለም። ረዳቱ አንድ ቀን ሥራ ፈትቶ ሲሄድ “አምፖሉ ተቃጥሏል” ተብሎ ከተመለሰ፣ ወደ እርስዎ ሱቅ መጥቶ ጥጥ ቢገዛ አልፈርድበትም።

ባለሱቁ፦ ከታየ በኋላ ኩክ የለም ከተባለስ? መስማቱ ግን ቀንሷል።

ሲስተር፦ ማየት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሞተርና ክላክስ አጠገብ ዓመታት የዋለ ሰው መስማት ሲቀንስበት ኩኩን ይከሳል፣ ይጎረጉራል። ጉዳቱ ግን ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ፣ ጥጥ በማይደርስበት የመስሚያ ሕዋስ ላይ ነው፤ ያ የሞተ ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ በሆነ መጠን መስማት የቀነሰባቸው ሰዎች አንድ ነጥብ አምስት ቢሊዮን እንደሚደርሱ ጽፏል። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው የመስማት ምርመራና ከድምፅ መጠበቂያ ነው። ከሁሉ የሚያስቸኩለው ደግሞ አንድ ጆሮው በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መስማት ያቆመ ሰው ነው። ይህ የነርቭ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ቶሎ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሲጀመር ነው የሚረዳው። “ኩክ ነው” ብሎ ዘይት እያንጠባጠበ ወር የቆየ ሰው ያንን ዕድል ያጣዋል። እንዲህ ያለ ደንበኛ ከመጣብዎ ጥጥም ዘይትም አይስጡት፤ ያንኑ ዕለት ጤና ጣቢያ፣ ካልሆነም አዳሬ ሆስፒታል ወይም የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሂድ፣ ከአንገት በላይ ሐኪም እንዲያየው ይጠይቅ።

ባለሱቁ፦ ኩኩንና የነርቭ ሕመሙን እንዴት ልለያቸው፣ ሲስተር? እኔ ሱቅ ነው ያለኝ፣ ኦቶስኮፕ የለኝም።

ሲስተር፦ መለየት የእርስዎ ሥራ አይደለም፤ መጠየቅ ግን ይችላሉ። “ከመቼ ጀምሮ ነው? ቀስ እያለ ነው ወይስ በአንድ ጊዜ? መግል ወይም ደም አለው? ስኳር አለብህ?” ይበሉት። በአንድ ጊዜ ነው ካለዎ፣ ወይም ከቀሩት ለአንዱ አዎን ካለዎ፣ ምንም ሳይሸጡለት መንገዱን ያሳዩት።